የቆየ ዘፈንን ዳግም መቅዳት፦ ከአሮጌው ካሴት እስከ አዲሱ ማስተር

ዘፈንና ቅጂ ሁለት ነገር ናቸው። ዘፈኑ ዜማውና ግጥሙ ነው። ቅጂው ደግሞ ያ ዜማና ግጥም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በጊዜው በነበረ ድምፅና በነበሩ ተጫዋቾች የተያዘበት ነው። የዳግም ቀረጻ ሥራ በአብዛኛው የሚበላሸው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ደራሲው ዘፈኑን አሻሽላለሁ ብሎ ይጀምርና ሳያውቀው የራሱን አሮጌ ቅጂ መኮረጅ ይይዛል፤ ወይም ቅጂውን ሊያድስ ተነሥቶ ዘፈኑን ያፈርሳል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሁለቱን ከመጀመሪያው ቀን ለይቶ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። ለአንድ ጊዜ ሥራም ያገለግላል፤ በየ10 ወይም በየ15 ዓመቱ ወደ አንድ ዘፈን ለሚመለስ ሰው ግን ይበልጥ ይጠቅማል።

መጀመሪያ፦ ለምን እንደሚቀዱት ይጻፉ

ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። «ድምፄ ስለወፈረ ዘፈኑን በዛሬው ድምፄ መያዝ እፈልጋለሁ» በቂ ምክንያት ነው። «ሁለተኛው ቤት ያን ጊዜ ሳያልቅ ነው የተቀዳው» የሚለውም እንዲሁ። «የድሮው ማስተር (ዋናው ቅጂ) የእኔ አይደለም» ደግሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ምክንያቱ «የድሮው ጥራት ስለሌለው» ብቻ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። መጀመሪያ የድሮውን ማስተር በደንብ ወደ ዲጂታል አስገልብጠው አዲስ ማስተሪንግ (የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ያሠሩለት። ሹክሹክታና ጉምጉምታን ለማጥፋት ብሎ ሙሉ ዘፈን እንደገና መቅዳት ለጥርስ ሕመም መንጋጋ እንደ ማስነቀል ነው።

የጻፉት ዓረፍተ ነገር እስከ ሥራው መጨረሻ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በኋላ አቀናባሪው አዲስ ሐሳብ ሲያመጣ፣ ወይም ዘጠነኛው የድምፅ ቅጂ ላይ ደርሰው የቱ እንደሚሻል ግራ ሲገባዎ የሚዳኘው እሱ ነው።

መብቱን ማጣራት

በዘፈን ላይ ሁለት መብት አለ። አንዱ የዜማና የግጥም ደራሲነት መብት ነው፤ ሌላው የቅጂው፣ ማለትም የማስተሩ መብት ነው። የድርሰቱ መብት በእጅዎ ሆኖ ማስተሩ የሌላ ሊሆን ይችላል። ቴይለር ስዊፍት የመጀመሪያዎቹ 6 አልበሞቿ ማስተር እ.ኤ.አ. በ2019 ለሌላ ከተሸጠ በኋላ ከ2021 እስከ 2023 ባለው ጊዜ አራቱን እንደገና ቀድታ ማውጣት የቻለችው በዚሁ ልዩነት ነው። ማስተሩ የእሷ አልነበረም፤ ድርሰቱ ላይ ግን ድርሻ ነበራት።

የድሮ ውልዎን ያውጡና «ዳግም ላለመቅዳት» የሚል አንቀጽ እንዳለው ይፈልጉ። በዓለም አቀፍ ውሎች ብዙ ጊዜ የሚታየው ከቅጂው መውጣት ጀምሮ 5 ዓመት ወይም ውሉ ካበቃ በኋላ 2 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው ነው። ከዚያ የረዘመ ጊዜ የሚያስቀምጥም አለ። ዜማውን ወይም ግጥሙን ሌላ ሰው ከሠራው፣ አንድ ስንኝ እንኳ ከመለወጥዎ በፊት ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዙ። ማስተሩ የእርስዎ ካልሆነ ደግሞ ከአሮጌው ቅጂ ምንም ቆርጠው አያስገቡ። የሁለት ሰከንድ የድራም ምትም ቢሆን የቅጂው ባለቤት ንብረት ነው።

የድሮውን ከመስማትዎ በፊት

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ካመለጠም አይመለስም። የድሮውን ቅጂ ሳይሰሙ፣ ደብተርም ሳይገልጡ፣ በአንድ መሣሪያ ብቻ እያጀቡ ዘፈኑን ከራስዎ አውጥተው በስልክ ይቅዱት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ። ቃል ቢጠፋዎ አያቁሙ፤ እያንጎራጎሩ ይለፉት።

ጥቅሙ ይኸውልዎ። መድረክ ላይ ለዓመታት የተዘፈነ ዘፈን በራሱ ጊዜ ይለወጣል። ጫፉ ላይ ያለው ኖታ ዝቅ ይላል፣ አንድ ቃል በሌላ ይተካል፣ አዝማቹ ትንሽ ቀደም ብሎ መግባት ይጀምራል። ከእነዚህ ለውጦች ገሚሱ ዘፈኑ ራሱ የጠየቀው መሻሻል ነው፤ ገሚሱ ስንፍናና ድካም ነው። የድሮውን አንዴ ከሰሙት ጆሮ ወዲያው ወደዚያ ስለሚጎተት ዛሬ ዘፈኑ ውስጥዎ እንዴት እንዳለ ማወቂያው ይጠፋል።

አሮጌውን ቴፕ ማዳን

ካሴት ከሆነ የማጫወቻውን ጭንቅላትና የጎማ ተሽከርካሪ ያጽዱ። ለብረቱ ጭንቅላት ቢያንስ 90 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለጎማው በውኃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል፤ አልኮል ሲደጋገም ጎማን ያደርቃል። ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየ ቴፕ በመሀል እንዳይዝ ይረዳል። ከዚያ በጭንቅላቱ ጎን ያለችውን የማዘንበያ ብሎን ያግኙ። መነሻዋን በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ድምፁን ወደ ሞኖ ይለውጡ፤ ብሎኗን በጣም በጥቂቱ እያዞሩ የጸናጽሉና የ«ሰ» ድምፅ በደንብ የሚጠራበት ላይ ያቁሙ። በካሴት ዝውውር ውስጥ ትልቁን የጥራት ልዩነት የምታመጣው ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት።

የቴፕ ሹክሹክታን የሚቀንሰውን፣ ዶልቢ የተባለውን ማብሪያ ልክ ሲቀዳ እንደነበረው ያድርጉት። በዶልቢ የተቀዳውን ያለ ዶልቢ ቢያጫውቱ ድምፁ ይጮኻል፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳውን በዶልቢ ቢያጫውቱ ይታፈናል። ክሮም የተባለው የካሴት ዓይነትም በመደበኛው ማብሪያ ላይ ከሚገባው በላይ ይጮኻል።

ሪል ቴፕ ሲሆን የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩ የፖሊስተር ቴፖች ውስጥ ጀርባቸው የተቀባው ብዙዎቹ እርጥበት እየሳቡ ማጣበቂያቸው ይበላሻል። ሲሽከረከር ከጮኸ፣ ጭንቅላቱ ላይም ቡናማ ዝቃጭ ከተወ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ዝቃጩ የተቀዳው ድምፅ ራሱ ነው። ባለሙያ ሙቀቱን መቆጣጠር በሚቻልበት ማሽን፣ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ለ8 ሰዓትና ከዚያ በላይ በማሞቅ ቴፑን ለጥቂት ሳምንታት እንዲጫወት ያደርገዋል። በቤት ምድጃ አይሞከርም። የበለጠ ያረጀው የአሲቴት ቴፕ ደግሞ ጨርሶ አይሞቅም።

ሲገለብጡ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ይጠቀሙ፤ መሣሪያዎ ካልቻለ 48 ይበቃል። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያድርጉ። ይህን ፋይል ሹክሹክታውን ሳያጸዱ፣ ምንም ሳይነኩ ያስቀምጡት። ማጽዳት ከፈለጉ በግልባጩ ላይ ይሥሩ።

ፍጥነቱንም ይመርምሩ። ብዙ የካሴት ማሽኖች ትንሽ ይፈጥናሉ ወይም ይዘገያሉ፤ የ3 በመቶ ስሕተት ዘፈኑን የግማሽ ቶን እኩሌታ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። «ያን ጊዜ እንዲህ ከፍ አድርጌ ነበር የምዘፍነው» ብለው የሚደነቁበት ቶን የማሽኑ ፍጥነት ሊሆን ይችላል። አንድ ጥሩ መመርመሪያ አለ። ሲቀዳ አብሮ የገባ የመብራት ጉምጉምታ ካለ ድግግሞሹን በኮምፒውተር ይለኩት። 50 ኸርዝ መሆን የነበረበት 51.5 ካሳየ ቴፑ 3 በመቶ እየፈጠነ ነው። ከማጫወቻው ከራሱ የሚመጣው ጉምጉምታ ግን ቴፑ ቆሞም ስለሚሰማ በእሱ እንዳይታለሉ።

የዘፈኑን ካርታ ማውጣት

አሁን የድሮውን ቅጂ ይስሙና በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩት፦ ቶኑን፣ በእያንዳንዱ ባር (የምቶች ክፍል) ያለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች)፣ በድምፅ የሚደረስበትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ኖታ፣ መግቢያው፣ ቤቶቹ፣ አዝማቹና መሸጋገሪያው ስንት ስንት ባር እንደሆኑ። ግጥሙን ደብተር ላይ እንዳለው ሳይሆን በቅጂው ላይ እንደሚሰማው ይገልብጡ። ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው አይገምቱ።

ፍጥነቱን ቢያንስ በአራት ቦታ ይለኩ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ያሉትን ምቶች ቆጥረው በ4 ያባዙ፤ 24 ምት ከሆነ በደቂቃ 96 ማለት ነው። ያለ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) የተቀዳ ዘፈን ለምሳሌ በ92 ጀምሮ የመጨረሻው አዝማች ላይ 97 ሊደርስ ይችላል። ይህን እንደ ስሕተት አይቁጠሩት። ዘፈኑ ወደ አዝማቹ ሲቃረብ ልብ የሚያንጠለጥለው በዚህ መፍጠን ሊሆን ስለሚችል፣ አዲሱን በአንድ ወጥ 94 ቢቀዱት «ምን ጎደለው?» እያሉ ወር ይፈጃሉ።

ከዚያ ካርታውን በስልክ ከቀዱት ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። የተለየውን ሁሉ በቀለም ያስምሩበት። እያንዳንዱ ልዩነት ላይ «የድሮው»፣ «የአሁኑ» ወይም «ሦስተኛ መንገድ» ብለው ይወስኑ። እዚህ ላይ የሚጠፋ ግማሽ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ቀን ያተርፋል።

ቶን መምረጥ

ከዓመታት በኋላ ድምፅ ይለወጣል። ዕድሜ ሲገፋ የጉሮሮው ለስላሳ አጥንት ይጠነክራል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይለወጣሉ፣ የአንድ ትንፋሽ ርዝመት ያጥራል። የሴቶች ድምፅ ካረጡ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ይህ የሚታፈርበት ጉድለት አይደለም። ካናዳዊቷ ዘፋኝ ጆኒ ሚቸል በ1969 (እ.ኤ.አ.) በቀጭን ድምፅ የቀዳችውን ዘፈኗን በ2000 በኦርኬስትራ ታጅባ፣ በጣም በወፈረ ድምፅ ስትመልሰው ቃሎቹ ሳይለወጡ ትርጉማቸው ሌላ ሆነ። በወጣትነት እንደ ግምት የተዘፈነው በ2000 እንደ ምስክርነት ተሰማ።

አመራረጡ እንዲህ ነው። የድሮውን ቶን፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ግማሽ ቶን ዝቅ ያሉትን ያዘጋጁ። በየቀኑ አንድ ቶን ብቻ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ድምፅዎን ለ10 ደቂቃ አሟሙቀው ሙሉ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ይዝፈኑ። መለኪያው ከፍተኛውን ኖታ አንድ ጊዜ መድረስ አይደለም። ያን ኖታ በተከታታይ አምስት ጊዜ፣ አገጭ ሳይነሣ፣ ቃሉም ሳይደበዝዝ መያዝ ነው። በአንድ ጥሩ ቀን የተገኘ ቶን በቀረጻው ቀን ይከዳል።

ዝቅ ማድረግ የሚያስከትለውን አስቀድመው ይወቁ። አዝማቹ ሲመችዎ ቤቱ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ኖታ ይሰምጣል፤ እየተነፈሱ የሚያንሾካሹኩት እንጂ የሚዘፈን አይሆንም። መፍትሔው የዜማውን ቅርጽ ሳይለቁ ያንን አንድ ኖታ ወደ ላይ ወደሚቀጥለው የኮርዱ ኖታ ማንሣት ነው። ሌላው አማራጭ ቤቱን ዝቅ ባለው ቶን ይዞ የመጨረሻውን አዝማች አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ማድረግ ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚያምረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መሣሪያዎቹም ይነካሉ። የተለመደ ባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር ከታች የሚያቆመው 41 ኸርዝ አካባቢ ባለው «ኢ» ነው። ዘፈኑ በ«ኢ» ከሆነና ሁለት ግማሽ ቶን ካወረዱት ቤዙ ወይ ክሩን ማላላት ወይ አንድ ኦክታቭ መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ደግሞ የዘፈኑ ክብደት አብሮ ይወጣል። ጊታሩ በባዶ ክር የሚጮኹ ኮርዶች ላይ የቆመ ከሆነ አዲሱ ቶን ያንን ጩኸት ያጠፋዋል። ሁሉንም ክር እኩል ማላላት፣ ወይም ሌላ የኮርድ ቅርጽ በካፖ (የጊታር ክሮችን በሚጫን መያዣ) መያዝ ይመልሰዋል።

ፍጥነትና ቅንብር

ብዙ ሰው ወደ ድሮ ዘፈኑ ሲመለስ ማዝገም ይወዳል። ከማድረግዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። የ4 ባር ሐረግ፣ ማለትም 16 ምት፣ በ92 ፍጥነት 10.4 ሰከንድ ይወስዳል፤ በ84 ደግሞ 11.4። አንድ ሰከንድ ጨመረ፤ ትንፋሽዎ ግን አጥሯል። ስለዚህ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ እንደገና መመደብ አለበት፤ ወረቀቱ ላይ በጭረት ያመልክቱት። የዘፈኑ ርዝመትም ከ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ከ39 ይሄዳል። ያን 19 ሰከንድ ከመግቢያው ወይም መሣሪያ ብቻ ከሚሰማበት ክፍል ላይ መቀነስ እንጂ ከግጥሙ መቁረጥ አይመከርም።

በአማርኛ ዘፈን ፍጥነት ሲቀየር ቀድሞ የሚጎዳው መጥበቅና መላላቱ ነው። «አለ» ሲጠብቅ «ይገኛል»፣ ሲላላ «ተናገረ» ይሆናል። በፈጣኑ ቅጂ ምቱ ራሱ «ለ»ን አጥብቆ ያስይዘው ነበር። ዘፈኑ ሲያዘግም ዘፋኙ የፊተኛውን «አ» ይጎትታል፣ «ለ» ይላላል፣ «ልቤ ውስጥ አለ» የሚለው ስንኝ ትርጉሙ ይዛባል። ማስተካከያው «አ»ን አሳጥሮ፣ «ለ»ን አጥብቆ፣ ርዝመቱን ከ«ለ» በኋላ ባለው አናባቢ ላይ ማሳረፍ ነው። ዝግ ካለው ልምምድ አንዱን ቀድተው ግጥሙን ለማያውቅ ሰው ያሰሙና የሰማውን እንዲጽፍ ያድርጉ። የተሳሳተው ቃል ሁሉ ሥራ የሚጠብቀው ቦታ ነው።

ቅንብሩን በተመለከተ፣ በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ሰሚ ሁለት ሰከንድ ሰምቶ «እሱ ነው!» የሚልበት ምልክት አለ። የመግቢያው ዜማ፣ የአዝማቹ አጀማመር፣ የተቀባዮቹ መልስ ሊሆን ይችላል። ያንን ፈልገው ያግኙትና ይጠብቁት፤ የሚጫወተው መሣሪያ ቢለወጥ ችግር የለም። ቶን፣ ፍጥነት፣ የምቱ ዓይነት፣ መሣሪያዎቹና ግጥሙ አምስት መዘውሮች ናቸው ብለው ቢያስቡ፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ማዞር አይበጅም። አምስቱም ከዞሩ አዲስ ዘፈን ጽፈዋል፤ ያ መጥፎ አይደለም፣ ግን በራሱ ስም ይውጣ።

ግጥሙን መንካት

መድረክ ላይ ሲደርሱበት ድምፅዎን የሚያሳንሱበት ስንኝ አለ? መታረም ያለበት እሱ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ለማሳመር ብቻ አይንኩ። ውሸት የሆነ፣ ሰው የሚያቆስል ወይም ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ስንኝ ይለወጥ። የልጅነት ስሜት ያለበት ስንኝ ግን ይቆይ፤ የበሰለ ሰው የልጅነት ቃሉን ሲዘፍነው የሚፈጠረው ርቀት ራሱ ውበት ነው። አዝማቹን ሰዎች በቃላቸው ስለያዙት መለወጥ ከሰሚው አፍ መንጠቅ ይሆናል።

ሲለውጡ ጥንዱን አይርሱ። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ከተቀየረ ቤት የሚመታለት ሁለተኛውም ይቀየራል፤ ሁለቱን አብረው ይጻፉ። ርዝመቱንም በፊደል ሳይሆን በቀለም፣ ማለትም በአፍ በሚሰማው የድምፅ ክፍል፣ ይቁጠሩ። «ልብ» በፊደል ሁለት ነው፣ ሲዜም ግን አንድ ቀለም ነው። አዲሱ ስንኝ በድሮው ዜማ ላይ ሳይጨናነቅ እንዲቀመጥ የቀለም ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀው ፊደል ጠንካራው ምት ላይ መዋል አለበት። እያንዳንዱን ለውጥ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋር በሕዳጉ ይመዝግቡ። ከ12 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመለሱበት ለምን እንደተውት ማስታወስ ይቸግርዎታል።

ቀረጻው

ዘፈኑ ድሮ እንደሚፈጥን ከለኩ፣ ያንን የፍጥነት ለውጥ በመቅጃው ፕሮግራም ላይ ያስገቡ። ቤቱ በ84፣ ወደ አዝማቹ በሚገቡት ሁለት ባሮች ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ 86፣ የመጨረሻው አዝማች በ87 ሊሆን ይችላል። ሜትሮኖሙ ይህንን ተከትሎ ይመታል።

ድምፁን መጨረሻ ላይ አያቆዩት። በተለምዶ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዘፋኙ ይጠራል፤ በዳግም ቀረጻ ግን ይህ ሥራውን ያጣምመዋል። ቅንብሩ ሞልቶ ሲጠብቅዎ ድምፅዎ የቀረውን ቀዳዳ ለመሙላት ይገደዳል። በአንድ ጊታር ወይም በአንድ ኪቦርድ ታጅበው ድምፁን ቀድመው ይቅዱ፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ድምፅ ዙሪያ ይገንባ።

ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይራቁ። የትንፋሽ መከላከያውን በመሀል፣ ከማይኩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ላይ ያቁሙት። 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። ከፍተኛው ድምፅ −10 ዴሲቤል አካባቢ እንዲውል ያስተካክሉ። የወፈረ ድምፅ ወደ ማይኩ ሲጠጋ ታችኛው ይበልጥ ስለሚያብጥ፣ የድሮ ርቀትዎን ከመድገም ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ማለት ብዙ ጊዜ ያጠራዋል።

ከመነሻ እስከ መድረሻ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይዝፈኑና ያቁሙ። በማግስቱ ይድገሙት። አንዱን ስንኝ 30 ጊዜ እየደጋገሙ መቅዳት ኖታውን ያስተካክላል፤ ታሪኩን ግን ይገድለዋል። ከቅጂዎቹ የመጨረሻውን ድምፅ ሲገጣጥሙ ከአንድ ሙሉ ቅጂ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ይውሰዱና የተሰናከሉትን ሐረጎች ብቻ ከሌላው ይሙሉ።

ትልቁ ወጥመድ ራስን መኮረጅ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከድሮው ቅጂ የታወቀው የድምፅ እርግብግቢት ወይም ትንሽ ሳቅ ልክ በዚያው ሰከንድ ሲመጣ። ከቀረጻው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የድሮውን ጨርሶ አይስሙ፤ ማዳመጫዎ ውስጥም እንደ መመሪያ አያስገቡት። እንዲያም ሆኖ ከመጣ ዘፈኑን ለአንድ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ግጥሙን በንባብ ይበሉት፤ ከዚያ ወዲያው ይዝፈኑ።

ማወዳደር

አዲሱንና የድሮውን ጎን ለጎን ከመስማትዎ በፊት የድምፅ መጠናቸውን ያስተካክሉ። በ1 ዴሲቤል ብቻ የሚበልጠው «የተሻለ» መስሎ ይሰማል፤ ጆሮ በዚህ ሁልጊዜ ይታለላል። ሁለቱንም ለማወዳደሪያ ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ የድምፅ መጠን መለኪያ) ያምጧቸው። ብዙ የሙዚቃ ማሰራጫዎችም ዘፈኖችን ወደዚሁ መጠን አካባቢ ስለሚያመጡ ማስተሩን ከመጠን በላይ ማስጮህ ትርፍ የለውም። ጫፉ ከ−1 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

ሚክሱ (የትራኮቹ ውሕደት) ካለቀ በኋላ 10 ቀን ይተዉት። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ ይስሙት፤ ቃሉ በዚያ መጠን ካልተሰማ ድምፁ ሰምጧል። ለሁለት ሰው ያሰሙ፦ የድሮውን በቃሉ ለሚያውቅ አንድ፣ ሰምቶት ለማያውቅ አንድ። የመጀመሪያው «የድሮው ይሻላል» ማለቱ አይቀርም፤ ልማድ ነውና አይደናገጡ። የሚጠየቀው «የቱ ጋ ናፈቀህ?» የሚለው ነው። ቦታውን በትክክል ከጠቆመ ምናልባት ያንን የመለያ ምልክት ጥለውታል። ሁለተኛውን ደግሞ ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ ይጠይቁት። በመልሱና ግድግዳው ላይ በለጠፉት ዓረፍተ ነገር መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ማስቀመጥ

የመቅጃ ፕሮግራሙ ፋይል ብቻውን አይበቃም። ከ10 ዓመት በኋላ ፕሮግራሙ ላይከፍተው ይችላል፤ የተጠቀሙባቸው የድምፅ ማቀነባበሪያዎችም ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ በእኩል ርዝመት፣ በዌቭ ፋይል ያውጡ፤ አንዱን ስብስብ ከነማቀነባበሪያው፣ ሌላውን ያለ ማቀነባበሪያ። ሜትሮኖሙንም እንደ አንድ ትራክ ያውጡት። የድምፁን ያልተመረጡ ቅጂዎችም አይጣሉ። የዛሬው ድምፅዎ ከ15 ዓመት በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም።

አብሮት አንድ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ፦ ቶን፣ የፍጥነት ካርታ፣ የመሣሪያ ቅኝት፣ ማይኩና ርቀቱ፣ የመጨረሻው ግጥም፣ የተጫዋቾቹ ስምና ስምምነት፣ እንዲሁም ያልረኩባቸው ነገሮች ዝርዝር። ፋይሎቹን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በማስቀደም ይሰይሟቸው፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ» የሚል ስም በሁለተኛው ዓመት ትርጉሙ ይጠፋል። ሦስት ግልባጭ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን። በዓመት አንድ ቀን ሁሉንም ከፍተው ይስሙ፤ ሳይነካ በመሳቢያ የከረመ ዲስክ ሳይታሰብ ይሞታል።

ሲያወጡት አዲሱ ቅጂ የራሱ አይኤስአርሲ ያስፈልገዋል። ይህ ባለ 12 አኀዝና ፊደል የቅጂው መለያ ስለሆነ የድሮው ቁጥር ለአዲሱ አይሰጥም። ቢሰጥ የሁለቱ የመደመጥ ሒሳብ ይደባለቃል፤ ማስተሩ የሌላ ከሆነም ክፍያው ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። የድርሰቱ መለያ አይኤስደብሊውሲ ግን ዘፈኑ ያው ስለሆነ አይለወጥም። ግጥሙን ወይም ዜማውን በብዙ ከቀየሩት፣ ወይም አዲስ የድርሰት ተባባሪ ከገባ፣ ድርሰቱን ላስመዘገቡበት አካል ማሻሻያውን ያሳውቁ። ርዕሱ ላይ ዓመቱን ወይም «አዲስ ቅጂ» የሚል ቃል ያክሉ፤ የሁለቱ ሽፋን ምስልም ከሩቅ ይለይ። የድሮውን የማውረድ መብት ቢኖርዎት እንኳ አያውርዱት፤ አድማጭ ሁለቱን አከታትሎ እንዲሰማቸው ይተዉለት።